«ፊልም አለበት ወይ?»

ተማሪ ጫማ ሲያሰፋ ወይም ሰዓት ሲያሠራ፥ የሚመርጠው ሠራተኛ ለመኝታ ክፍሉ የቀረበውን ወይም ዋጋ የቀነሰለትን ነው። እኛም ከዚህ ልማድ የተለየን አልነበርንም። በመሠረቱ ልማዱ ብዙ አይጎዳም፤ ጫማ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ሰዓት ቢቆም የጎረቤትን ጠይቆ ክፍል መግባት ይቻላል። ዳሩ ግን በዓለም ላይ ምትክ የማይገኝላቸው ዕቃዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማን እጅ አሳልፎ መስጠት እንደሚገባ ማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ሳለ፥ በየትኛውም ፋኩልቲ ሲሰጥ አላየንም። ስለዚህ እኛ ከፍለን የተማርነውን አንባቢ ሳይከፍል እንዲማረው በማሰብ ይህችን ጽሑፍ ለማቅረብ ወደድን።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። በስድስት ኪሎ በአንድ ክፍል እናድራለን፤ አንድ ማንቆርቆሪያ፥ አንድ መጥረጊያና ቁጥሩ የማይታወቅ ዕዳ በጋራ አለን። የዚህ ታሪክ ካሜራ ግን የሦስታችን አልነበረም፤ የአንዳችን አባት ንብረት ነበር።

እኒህ አባት በ1972 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከሄዱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ሲመለሱ አንድ ሻንጣ መጻሕፍት፥ አንድ ወፍራም ካፖርትና በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ አንድ ካሜራ ይዘው መጡ። ካሜራው ዜኒት ኢ ይባላል። ሞስኮ አጠገብ በምትገኘው በክራስኖጎርስክ ከተማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 መሠራት የጀመረ ዓይነት ሲሆን፥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ በዓለም ላይ ተበትኗል። ከባድ ነው፤ በእጅ ሲይዙት ካሜራ ሳይሆን የሚዛን ድንጋይ ያነሡ ይመስላል። ባትሪ አይጠይቅም። በግንባሩ ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ ሴሊኒየም ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ስለሆነ፥ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ሌንሱም ሄሊዮስ 44-2 የሚባለው፥ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየዞረ የሚገጠመው ነው።

አባትየው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ወደ ደሴ በሄደ ጊዜ እናቱ ቁም ሣጥናቸውን ከፍተው ካሜራውን አወጡና፥ «አባትህ እንደ ዐይኑ ብሌን የሚያየው ዕቃ ነበር፤ ከተበላሸ ቆይቷል። አሠርተህ በምርቃትህ ቀን አንሣኝ» ብለው ሰጡት። ምርቃቱ ሊደርስ የቀረው ሁለት ወር ያህል ነበር። እኛም ነገሩን እንደ ራሳችን ጉዳይ ቆጥረን፥ ገንዘብ አዋጥተን ሠሪ ፍለጋ ወጣን።

ሕመሙ ቀላል ይመስል ነበር። ማጠንጠኛው ይሳባል፤ ቁልፉ ሲጫን ድምፅ ይሰማል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የጨርቅ መጋረጃ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እየተጎተተ ሄዶ ከመንገዱ ላይ ይቆማል። የብርሃን መለኪያውም መርፌ ፀሐይ ላይ ቢያወጡት ንቅንቅ አይልም።

የመጀመሪያውን ሠሪ የመረጥነው በሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ትልቅ ነበር፤ «ማንኛውንም ካሜራ እንጠግናለን» የሚል ተጽፎበታል። በመስታወት መደርደሪያው ውስጥ አዳዲስ ዲጂታል ካሜራዎች ተሰልፈዋል፤ ከነዚያ ፊት ስንቆም የእኛ ዜኒት ከገጠር የመጣ ዘመድ መሰለን፤ ትንሽም አፈርንበት። በጠረጴዛው ኋላ የነበረው ጎልማሳ ካሜራውን ገና ሳይነካው «ይኼ ቀላል ነው፤ ችግር የለም» አለን። እውነቱን ለመናገር፥ ቃሉ ልባችንን አሳረፈው። «ቀላል ነው» የሚል ሰው ሁሉ ዐዋቂ ይመስለን ነበር።

ከዚያም ካሜራውን ተቀበለና፥ «እስቲ እንየው» ብሎ በኃይለኛው መብራት ሥር የጀርባውን ክዳን ከፈተ።

በውስጡ ፊልም ነበረበት። ግራጫ ጥብጣብ በወዲያኛው ጥቅልል ላይ ተጠምጥሞ፥ መብራቱ በላዩ ላይ ሲያብረቀርቅ ሦስታችንም አየነው። ሰውየው «ውይ፥ ፊልም ነበረበት እንዴ?» አለና ደንግጦ መልሶ ዘጋው። ጥቂት ሰከንድ ቢሆን ነው። ነገር ግን የፎቶግራፍ ፊልም ከጥቂት ሰከንድም ያነሰ ብርሃን እንዲያስቀር ሆኖ የተሠራ ነገር ነው፤ ካሜራ ማለትም በመሠረቱ ያንን ብርሃን በሰከንድ ክፍልፋይ እየቆጠረ የሚያስገባ በር ነው። ሰውየው ፊልሙን ወደ ቀፎው መልሶ ጠቀለለና አውጥቶ ሰጠን። «አሮጌ ነው፤ ተቃጥሏል፤ ቢታጠብም ምንም አይወጣበት» አለን። ጓደኛችን ፊልሙን በኪሱ ከተተው። አንዳችንም አልተናገርንም። ካሜራውን እዚያው ትተን፥ ቀብድ ከፍለን ወጣን።

ለምን ትተን ወጣን? ብዙ ጊዜ ራሳችንን የጠየቅነው ይህን ነው። አንዳንድ ሰው ከተበደለ በኋላ እንኳ የበደለውን ሰው ማሳፈር ይከብደዋል፤ እኛም እንደዚያ ሆንን። ደግሞም ጥፋቱ የሰውየው ብቻ አለመሆኑን በልባችን እናውቅ ነበር። ካሜራውን ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ይዘን ስንመጣ፥ በክፍላችንም አምስት ቀን ሲቀመጥ፥ ፊልም ይኑርበት አይኑርበት አንዳችንም አልጠየቅንም። እናቲቱን አልጠየቅንም። ካሜራውንም ራሱን አልጠየቅነውም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ኋላ ተማርነው፥ በቦታው እንነግራችኋለን።

በስምንተኛው ቀን ሄድን። መጋረጃው አሁን እንደ ጥይት ይሮጣል። 1,500 ብር ከፍለን፥ ደስ ብሎን፥ አዲስ ፊልም ገዝተን ጨምረን በግቢው ውስጥ ስንዞር ዋልን። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን ፎቶግራፎቹ ሁሉ በአንድ ወገናቸው ጨለማ ሆኑ። ከሦስታችን ሁለቱ ይታያሉ፤ ሦስተኛው በጨለማ ተውጧል። በሳምንቱ መጋረጃው ከመሐል ላይ ተይዞ ቀረ። ወደ ሱቁ ብንመለስ «ከእኔ ሲወጣ ይሠራ ነበር» ተባልን። ይህ ደግሞ ሐሰት አይደለም፤ ከእርሱ ሲወጣ ይሮጥ ነበር። ደረሰኝ ስላልተቀበልን የምንከራከርበት ወረቀት አልነበረንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ምን እንዳፈሰስን እንኳ ገና አላወቅንም ነበር።

ሁለተኛውን ሠሪ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙ ክፍላቸው ሲፈርስ፥ የጥንቱን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ከየሱቃቸው ተነሥተው በየአቅጣጫው ሄደዋል። ስለዚህ በሰሌዳ መፈለጉን ተውንና በሰው አፍ መፈለግ ጀመርን። የሠርግ ፎቶ ያነሡ የነበሩ አረጋውያንን፥ ሰዓት ሠሪዎችን፥ የመነጽር ቤት ሰዎችን ጠየቅን። የምንጠይቀውንም ጥያቄ ለወጥነው። በፊት «ካሜራ የሚሠራ ታውቃለህ?» እንል ነበር፤ አሁን ግን «የራስህ ካሜራ ቢበላሽ ለማን ትሰጣለህ?» እያልን ጠየቅን። በመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ስም ይሰጣል፤ በሁለተኛው ሰው ሁሉ ጥቂት ያስባል፥ ከዚያም አንድ ስም ይናገራል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ አንድ ሽማግሌ ነገሩን።

ሽማግሌው የሚሠሩት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፥ ሰሌዳም የላቸውም። ዋና ሥራቸው ሰዓት ማደስ ነው፤ ካሜራ የሚሠሩት «ሲመጣ» ነው። ጠረጴዛቸው ላይ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የተዘረጉ ጥቃቅን ብሎኖች፥ በመጠን የተሰለፉ ካቻቪቴዎችና ሁለት ወረንጦዎች ነበሩ። ማኅደሩን ከፍተን ካሜራውን ስናስቀምጥ እጃቸውን አላነሡም። በመነጽራቸው በላይ አዩንና፥

«ፊልም አለበት ወይ?» አሉን።

ሦስታችንም ዝም አልን። ጓደኛችን ወደ መሬት አየ። ሽማግሌው መልስ ስላጡ ሌላ ቃል ሳይናገሩ ካሜራውን አነሡና፥ በግራ በኩል ያለችውን የፊልም መመለሻ ቁልፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው በመመለሻው አቅጣጫ ቀስ አድርገው አዞሯት። ቁልፏ ያለ ውጥረት ዞረች። «የለበትም፤ ቢኖርበት ኖሮ ትይዘኝ ነበር» አሉ። እንግዲህ ካሜራን መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ቆጣሪውን አይቶ መፍረድ ግን አይቻልም፤ የዜኒት ኢ ቆጣሪ በእጅ ወደ ዜሮ የሚመለስ ስለሆነ፥ ረስቶ የተወው ሰው ካለ የሚያሳየው ቁጥር ምንም አይመሰክርም።

በዚያን ጊዜ ጓደኛችን አልቻለም፤ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው አልገሠጹንም፤ ያንን ሱቅም አላሙም። «ያ ፊልም የት ነው? ጣላችሁት?» ብለው ብቻ ጠየቁ። አልጣልነውም ነበር፤ በሣጥን ውስጥ ነበር። «እንዳትጥሉት፤ አምጡልኝ» አሉና ወደ ካሜራው ተመለሱ።

የሠሩትን አንድ በአንድ አየን። ሌንሱን ፈትተው በትንሽ ባትሪ ወደ ውስጡ አበሩ፤ በጠርዙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ሻጋታ አሳዩን። ክዳኑን ከፍተው መጋረጃውን ወደ አምፖል አዞሩና፥ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን እንዳለች ፈለጉ። ብሎኖቹን በማጉያ አይተው «ይህን የፈታው ሰው ካቻቪቴው አልተስማማውም» አሉ፤ የብሎኖቹ ራስ ተልጦ ነበር። ከዚያም በወረቀት ላይ የካሜራውንና የሌንሱን ቁጥር ለየብቻ ጻፉ። የካሜራው ቁጥር በ80 ይጀምር ነበር። «የዚህ ፋብሪካ ቁጥር መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ዓመቱን ይናገራል፤ በፈረንጆች በ1980 የተሠራ ይመስለኛል» አሉን። ጓደኛችን አባቱ በሄዱበት በመጀመሪያው ዓመት ከድጎማቸው ቆጥበው እንደገዙት ይሰማ ነበርና፥ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው።

ቀጥሎም ሕመሙን አስረዱን። በካሜራው ሆድ ውስጥ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች አሉ። በ1/30 ሰከንድ ሲነሣ የመጀመሪያው ፈጽሞ ከተከፈተ በኋላ ሁለተኛው ይዘጋል። በ1/125፥ በ1/250 እና በ1/500 ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን በቅርብ ይከተለዋል፤ ብርሃን የሚያልፈው በሁለቱ መካከል በምትሄደው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ልክ ካልሮጡ ክፍተቷ በመንገድ ላይ ትጠባለች፥ አንዳንዴም ትዘጋለች፤ ፎቶግራፉም በአንድ ወገኑ ይጨልማል። መጋረጃዎቹን የሚጎትታቸው ሞላ ነው። «የእናንተ ካሜራ ሕመሙ ሞላው ደክሞ አልነበረም፤ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየው ግራሶ ደርቆ ነው። ፊተኛው ሠሪ የደረቀውን ሳያጥብ ዘይት ጠብ አደረገበትና ሞላውን አጠበቀ። የደከመች በቅሎን ሸክሟን ሳያራግፉ በጅራፍ መምታት ማለት ነው። ጥቂት ትሮጣለች፤ ከዚያ ትወድቃለች» አሉን። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ የሚለው ምሳሌ ስለ ካሜራም የተነገረ መሆኑን ያን ዕለት ዐወቅን።

ከዚህ በኋላ የነገሩን ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ እንድናምናቸው አደረገን፤ ደስ የሚያሰኝም አልነበረም። «የብርሃን መለኪያው ሞቷል፤ ሴሊኒየሙ በዘመን ብዛት ኃይሉን ጨርሷል። እኔ ሕይወት አልሰጠውም፤ ከሌላ አሮጌ ካሜራ ካልተወሰደ በቀር የሚተካ የለም። ብርሃኑን በስልካችሁ ለኩ። የሌንሱን ሻጋታ አጸዳለሁ፤ መስታወቱን ነክሶት ከሆነ ግን ምልክቱ ይቀራል። መጋረጃውን እሠራለሁ። ዋጋው 2,800 ብር ነው፤ ስከፍተው ሌላ ነገር ካገኘሁ ሳልነካው እደውላለሁ። አምስት ሳምንት ይፈጃል።»

ምርቃቱ ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። «ጋሼ፥ ለእናቱ ቃል ገብቷል፤ በሁለት ሳምንት አይሆንም?» ብለን ለመንናቸው። ዋጋ እንጨምር አልን። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፥ «በሁለት ሳምንት የሚሮጥ ካሜራ ልሰጣችሁ እችላለሁ፤ የሚሠራ ካሜራ ግን አልሰጣችሁም። እርሱንማ አንድ ጊዜ ገዝታችኋል» አሉ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ላይ የነበረውን የልብ ክርክር ለመግለጽ ይከብደናል። ሌላ ሠሪ መፈለግ እንችል ነበር፤ «ነገ ኑ» የሚል ሰው በከተማችን አይታጣም። ጓደኛችን ግን ካሜራውን ሽማግሌው እጅ ላይ ተወው። በምርቃቱ ቀን እናቱን ያነሣናቸው በስልክ ነው። እናቲቱ የደሴ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፥ ካሜራው የት እንዳለ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁ። «ገና አልደረሰም፥ እማዬ» አላቸው። ስለ ፊልሙ አልነገራቸውም።

ካሜራው በአምስት ሳምንት ከሦስት ቀን ደረሰ። ሽማግሌው ከካሜራው ጋር ሦስት ነገሮች ሰጡን፤ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ደረሰኝ፥ የተለወጡትን ብሎኖች በትንሽ ፖስታ፥ እንዲሁም ራሳቸው ያነሡትን የፈተና ፊልም። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በስንት ፍጥነት እንደተነሣ በደብተር ቅዳጅ ላይ ጽፈዋል። ሁሉም ያንኑ ነጭ ግድግዳ የሚያሳዩ ናቸው፤ ውበት የላቸውም። ነገር ግን ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነጭ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ያ የተቃጠለው ፊልም ነበር። ሽማግሌው እንዳስረዱን፥ በካሜራ ውስጥ የተነሣ ፊልም በወዲያኛው ጥቅልል ላይ አንዱ በሌላው ላይ እየተጠመጠመ ይሄዳል። መጀመሪያ የተነሡት ከውስጥ ይሆናሉ፤ መጨረሻ የተነሡት ከላይ። ክዳኑ ቢከፈት ብርሃን በመጀመሪያ የሚያጠፋው ላይኛውን ነው፤ ቶሎ ከተዘጋ የውስጠኞቹ በላይኞቹ ጥላ ሊተርፉ ይችላሉ። «ላይኛው ልብስ ሲቃጠል የውስጡ ገላ እንደሚተርፈው» አሉ። ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ራሳቸው አጠቡት። ከ36ቱ መካከል በዘጠኙ ላይ አንድ ነገር ይታይ ነበር፤ ሰው መሆኑ የሚለየው ግን በአራቱ ብቻ ነው። በአንዱ ላይ እናቲቱ በወጣትነታቸው ሕፃን ታቅፈው በደጃፍ ቆመዋል። ዳርና ዳሩን ብርሃን በልቶታል፤ ፊታቸው ግን ተርፏል።

ጓደኛችን ፎቶግራፎቹን ይዞ ደሴ ሄደ፤ ይህን ጊዜ ሁሉንም ነገር ለእናቱ ነገረ። እናቲቱ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ሕፃኗ ታላቅ እኅቱ መሆኗን ነገሩት። ከዚያም «ሌሎቹስ?» አሉ። መጨረሻ የተነሡት እንደተቃጠሉ ሲነግራቸው ዝም አሉና፥ «የመጨረሻዎቹ የእናቴ ነበሩ። በግቢው ውስጥ ተቀምጣ አባትህ አንሥቷት ነበር፤ ከዚያች ቀን በኋላ ካሜራው ተበላሸ፤ እርሷም ብዙ አልቆየች። ሌላ ፎቶ የላትም» አሉት።

ጓደኛችን አያቱን አላያቸውም፤ ከመወለዱ በፊት ነው ያረፉት። አሁን በፎቶግራፍም አያያቸውም። እናቱ አልተቈጡትም። ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ «ጠይቀኸኝ ቢሆን እኮ እነግርህ ነበር።»

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያገኘነውን ትምህርት አሳጥረን እንናገር።

አንደኛ፤ ሠሪ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ካሜራውን ጠይቁ። የመመለሻዋን ቁልፍ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፤ ከያዘቻችሁ ፊልም አለና ክዳኑን አትክፈቱ፥ ሌላም እንዲከፍት አትፍቀዱ። የዕቃውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ እርሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፤ ሳያይ «ቀላል ነው» ከሚል ሰው ተጠንቀቁ። የታመነው ሠሪ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ይናገራል።

ሦስተኛ፤ «ይህን አልችልም» የሚለውን ስሙት። ሁሉን እችላለሁ የሚል ሠሪ የማይችለውን የሚለማመደው በእናንተ ዕቃ ላይ ነው።

አራተኛ፤ የካሜራውና የሌንሱ ቁጥር ለየብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ሌንሱ የሚፈታ ስለሆነ፥ ወረቀት ከሌለ ያመጣችሁት ይሁን የተለወጠ ምስክር የለም።

አምስተኛ፤ ሕመሙን በምን እንደሚያድን ጠይቁ። «አጥቤ አዲስ ግራሶ እቀባለሁ» ካለ መልካም ነው፤ «ሞላውን አጠብቃለሁ» ብቻ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

ስድስተኛ፤ ስትረከቡ ራሳችሁ ፈትኑት። ፊልም በሌለበት ሌንሱን አውጥታችሁ፥ ክዳኑን ከፍታችሁ ወደ መብራት አዙሩና በስልካችሁ አዝጋሚ ቪዲዮ አንሡ። ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ከሆነ፥ በ1/30 ብርሃኑ ወደ 8 በሚጠጉ ምስሎች፥ በ1/60 ደግሞ ወደ 4 በሚጠጉት መታየት አለበት። ለ1/500 ግን ስልክ አይበቃም፤ እርሱን የሚመሰክረው የፈተና ፊልም ነው።

ሰባተኛውን ግን በዝርዝር ውስጥ መጻፍ አልቻልንም፤ የሚመለከተው ካሜራን ሳይሆን እኛን ነውና። በአገራችን ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ንቀቱ ግን ቅርጹን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። እኛ የተማርን ነን ባዮች ሠሪን ስንመርጥ ሰሌዳውንና የመስታወት መደርደሪያውን እናያለን፤ እጁን አናይም። ሽማግሌው በኮሌጅ አልተማሩም። ነገር ግን ከመንካት በፊት መጠየቅን፥ የማይችሉትን አልችልም ማለትን፥ ገንዘብ ሲጨመርላቸውም የማይሆነውን አይሆንም ማለትን ያውቃሉ። ከእኛ መካከል ነገ ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ዳኛ የሚሆን አለ። ሰዎች ምትክ የሌለውን ነገር በእጃችን ያስቀምጣሉ። ያን ጊዜ በትልቅ ሰሌዳ ሥር ቆመን «ቀላል ነው» እያልን በመብራት ሥር የምንከፍት እንሆን ወይስ እጃችንን ሳናነሣ የምንጠይቅ?

ዜኒቱ አሁን በክፍላችን መስኮት ላይ ነው። መጋረጃው በልኩ ይሮጣል፤ መለኪያው እንደ ሞተ ነው። ለገና ጓደኛችን ወደ ደሴ ወስዶ እናቱን በግቢው ውስጥ፥ አያቱ በተቀመጡበት ቦታ አንሥቷቸዋል። ፊልሙ ገና አላለቀም። በካሜራው ማኅደር ላይ ግን በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት ለጥፈንበታል፤ «ፊልም አለበት» ይላል።